መቅደሱ ሲርቅ፦ የኬሜት ሃይማኖት ማኅበርተኞች በታሪክ

ዘመኑ 394 ዓ.ም.፣ ቀኑ ኦገስት 24 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአስዋን በስተደቡብ፣ የዓባይ ውኃ በዐለት መካከል እየተከፋፈለ በሚወርድበት በመጀመሪያው ፏፏቴ አጠገብ፣ ፊሌ በምትባለው ደሴት ላይ፣ ኔስሜተራክም የተባለ የኢሲስ ካህን በቤተ መቅደሱ በር ግድግዳ ላይ አንድ ምስል ቀረጸ። ምስሉ የማንዱሊስ ነው፤ ማንዱሊስ ከፏፏቴው በላይ ያሉት የኑብያ ሰዎች አምላክ ነበር። ካህኑ ከምስሉ አጠገብ የራሱንና የአባቱን ስም ከነማዕረጉ በሂሮግሊፍ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ፣ ቀኑም የታወቀ ሌላ የሂሮግሊፍ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ የነገሥታትን ገድልና የሙታንን ጸሎት ተሸክሞ የኖረው ፊደል በዚያች ግድግዳ ላይ አበቃ።

ካህኑ ቀኑን ያመለከተበት መንገድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «የኦሲሪስ የልደት በዓል፣ 110ኛው ዓመት» ይላል። አንድ መቶ አሥሩ የሚቆጠረው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ዓ.ም. አንሥቶ ነው፤ የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህንኑ ቁጥር ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። የኦሲሪስ ልደት ደግሞ ባለ ሠላሳ ቀኖቹ ዐሥራ ሁለት ወሮች ካለቁ በኋላ ከሚመጡት ትርፍ ቀኖች የመጀመሪያው ነው። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ጳጉሜን 1 ቀን 386 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ የኢሲስ ካህንና የክርስቶስ ተከታይ ቀናቸውን በአንድ ካላንደር ይቆጥሩ ነበር።

ይህን ዕለት ብዙዎች የጥንታዊው የግብፅ ሃይማኖት የሞት ቀን አድርገው ይጽፋሉ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም። ራሱ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ለዚህ ሃይማኖት መቅደስ የሚያንጹለት ፈርዖኖች ከጠፉ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ሆኗቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ391 እና በ392 ባወጣቸው ሕጎች መሥዋዕትን ከልክሏል፤ በእስክንድርያ የነበረው ታላቁ የሴራፒስ መቅደስም በዚያው ጊዜ ፈርሷል። ንጉሥ የለም፣ ግምጃ ቤት የለም፣ የሕግ ከለላ የለም። ታዲያ የተበተነውን ምእመን አገናኝቶ ያቆየው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ከግዙፎቹ ዐምዶች ላይ ዓይንን አንሥቶ ወደ ትናንሾቹ ጽሑፎች፣ ወደ ማኅበር ደንቦችና ወደ መንገደኞች ጭረት ማየት ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው የግብፅ ቤተ መቅደስ የሕዝብ መሰብሰቢያ አልነበረም። ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚገባው ካህኑ ብቻ ነው። ገበሬው፣ አዞ ጠባቂው፣ ጀልባ ቀዛፊው አምላኩን የሚያየው በዓል ሲሆን፣ ያውም በታቦት መሰል ጀልባ ተሸፍኖ በትከሻ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ በመቅደሱ ደጅ የራሱን ኅብረት መሠረተ። ኅብረቱንም «ቤት» አለው።

የዚህ «ቤት» መተዳደሪያ ደንቦች በዲሞቲክ ጽሕፈት በፓፒረስ ላይ ተጽፈው፣ በተለይም ከፋዩም አውራጃ፣ ተብቱኒስ ከምትባለው መንደር ተገኝተዋል። ከሁሉም ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ የ223 ዓመተ ዓለም ነው፤ ሌሎቹ በሁለተኛው ምዕት ዓመት ዓመተ ዓለም የተጻፉ ናቸው። በዚያ ጊዜ ግብፅን የሚገዙት በጥሊሞሳውያን የተባሉት የመቄዶንያ ነገሥታት ነበሩ። ማኅበርተኞቹ የአዞ አምላክ የሆነው የሶቤክ አገልጋዮች ናቸው። ደንቡ ለአንድ ዓመት ይጸናል፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ተሰብስበው ይስማሙበታል፤ እያንዳንዱም ስሙ ከሚከፍለው ገንዘብ ጋር ይመዘገባል።

ደንቡን ያነበበ ኢትዮጵያዊ የሰፈሩ ዕድር ትዝ እንደሚለው አያጠራጥርም። በየወሩ መዋጮ አለ። በተወሰኑ ቀኖች ጠላ ተጠምቆ በአንድነት ይጠጣል። የተቀደሰው አዞ ሲሞት አጅቦ መቅበር ግዴታ ነው። ማኅበርተኛው ራሱ ሲሞት ለቀብሩ ይዋጣል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ የሞተበትን ሰው ሄደው አብረውት ይጠጣሉ፣ ልቡን ያጽናናሉ። ከአገሩ ወጥቶ የሞተ እንደ ሆነ ማኅበሩ ከመካከሉ ሰዎችን መርጦ አስከሬኑን እንዲያመጡ ይልካል። ያለ አግባብ የተከሰሰ ወይም የታሰረ ቢኖር ብቻውን አይተውም። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚደንቀው ከጥንታዊዎቹ ደንቦች በአንዱ የሚገኘው አንቀጽ ነው፦ ማኅበርተኛ ማኅበርተኛውን በወደብ ወይም በችግር ላይ አግኝቶት፣ ገንዘብ ስጠኝ ሲለው፣ መስጠት እየቻለ ቢነፍገው መቀጫ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። ወንድምን መርዳት በጎ ነው ብሎ መስበክ የማንኛውም ሃይማኖት ልማድ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ስብከቱን አልጻፉም፤ መቀጫውን ጻፉ። ፍቅር በልብ የሚገኝ ነገር ነው ብለው አላለፉትም፤ በማን ላይ፣ የት ቦታ፣ በምን ሁኔታ እንደሚጠየቅ ወሰኑለት። ደንቡን ደግሞ የሚያስፈጽም ሰው ያስፈልጋል። የማኅበሩ ተጠሪ መዋጮ ያልከፈለውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መያዣ ይወስዳል፤ ተጠሪውን አላስገባም ያለ ቅጣቱ ይከብድበታል። እንዲህ ያለው ሥራ ወዳጅ የሚያፈራ ሥራ አይደለም። በየደጁ እያንኳኳ ዕዳ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ የሚያስታውስ፣ የቀረውን የሚመዘግብ ሰው ሐውልት አይቆምለትም። ማኅበሩን ማኅበር የሚያደርገው ግን እርሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ነገሩን አሳምሮ ብቻ ማቅረብ ታሪክን መሸፈጥ ይሆናል። በየወሩ የሚዋጣው ገንዘብ ከዕለት ጉርሱ የማይተርፈውን ምስኪን ከደጅ ያስቀራል። በማኅበሩ ውስጥም እኩልነት አልነበረም፤ የማኅበሩን አለቃ የሰደበ የሚከፍለው ቅጣት ተራውን አባል ከሰደበው ይበልጣል። ማኅበርተኛውን ለባለሥልጣን የከሰሰ ይቀጣል የሚለው አንቀጽ በአንድ በኩል ጠባቸውን በራሳቸው ሸንጎ ለመጨረስ የነበራቸውን ፍላጎት ያሳያል፤ በሌላ በኩል በደል የደረሰበትን አፉን ለማስያዝም ያገለግል ይሆናል። የዚያ ዘመን ሰው የዘመኑ ልጅ ነው። ቢሆንም በባዕድ ነገሥታት፣ በግብር ሰብሳቢና በወታደር መካከል ተጨንቆ የሚኖር የመንደር ሰው፣ ከላይ ማንም ሳያዘው፣ የሚያለቅስለትንና የሚቀብረውን ሰው በውል ማረጋገጡ ቀላል ነገር አይደለም።

ፋዩም ያለው ማኅበርተኛ መቅደሱ ከደጁ ነው። አምላኩን ይዞ ባሕር የተሻገረው ግን ምን አደረገ? በግሪክ አገር፣ የአቴና ወደብ በሆነችው በፒሬዎስ፣ ግብፃውያን የኢሲስን መቅደስ እንዲያቆሙ ተፈቅዶላቸው እንደ ነበር በ333 ዓመተ ዓለም ግድም የወጣ አንድ የአቴና ውሳኔ ይጠቅሳል። በኤጌ ባሕር መካከል ከምትገኘው ከዴሎስ ደሴት የተገኘው ጽሑፍ ደግሞ ሙሉ ታሪክ ይነግረናል። አጵሎንዮስ የተባለ ካህን የሴራፒስን አምልኮ ይዞ ከሜምፊስ ወደ ዴሎስ መጣ። መቅደስ ስላልነበረው አምላኩን በኪራይ ቤት አኖረው። ከእርሱ በኋላ ልጁ ድሜጥሮስ አገለገለ፤ ሦስተኛው የልጅ ልጁ፣ ስሙም እንደ አያቱ አጵሎንዮስ የሆነው፣ አምላኩ በሕልሙ ከእንግዲህ በኪራይ ቤት መኖር አልፈልግም እንዳለው ይናገራል። ቦታ ተገዛ፤ በስድስት ወር ውስጥ መቅደስ ቆመ። ወዲያው ክስ መጣ፤ ማኅበሩም ረታ። ጽሑፉ ድሉን የአምላኩ ተአምር ያደርገዋል፤ ከሳሾቹ አፋቸው ተያዘ ይላል።

ተአምሩን ለሚያምን እንተወውና፣ በኪራይ ቤት ስላለፈው ዘመን እናስብ። ሁለት ትውልድ ሙሉ አንድ ቤተሰብ የአገሩን አምላክ በሰው ቤት ጣሪያ ሥር ሲያኖር፣ ደጁን ሲከፍት፣ ዕጣን ሲያጤስ፣ ከመርከብ የወረደውን ያገሩን ልጅ ሲቀበል ኖረ። ድንጋዩ የቆመው በስድስት ወር ነው፤ ድንጋዩን የሚሻው ሕዝብ የተሰበሰበው ግን በእነዚያ ሁለት ትውልዶች ነው። ከጊዜ በኋላ በዴሎስ ልዩ ልዩ ማኅበራት በዙ፤ ጥቁር ለባሾች የተባሉ ነበሩ፤ ወር በገባ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ቀን የሚሰበሰቡም ነበሩ። የወር በዓል ቆጥሮ ጽዋ ለሚጠጣ ሕዝብ ይህ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም።

አሁን ወደ ፊሌ እንመለስ። ከላይ የተነሣው ጥያቄ የሚፈታው እዚያ ነውና። ፊሌ የድንበር ደሴት ናት። የኢሲስ ምስል በየአሥር ቀኑ በጀልባ ተጭኖ፣ ኦሲሪስ ተቀብሮባታል ወደምትባለው ወደ ጎረቤት ደሴት ወደ ቢጋ ይሻገር ነበር፤ ለባልዋም ወተት ይፈስስለት ነበር። ይህን በዓል የሚያከብሩት የግብፅ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከደቡብ፣ ከመርዌ መንግሥት፣ የበረሃውን መንገድ አቋርጠው የሚመጡ ነበሩ። በሦስተኛው ምዕት ዓመት ዋየኪዬ የተባለ ሰው ዘሮች፣ የመርዌ ሹማምንት ሆነው በታችኛው ኑብያ እየኖሩ፣ ለፊሌም በክህነት ያገለግሉ እንደ ነበር የግድግዳው ጽሑፎች ይመሰክራሉ። በ253 ዓ.ም. በንጉሥ ተቆሪደአማኒ የተላከ ሳሳን የተባለ መልእክተኛ እዚያ ደርሶ ረጅም ጽሑፍ አስቀርጿል። የንጉሡን ስጦታ ማምጣቱን፣ ከከተማው ሕዝብ ጋር በዓል ማክበሩን ይተርካል፤ ኢሲስም በሰላም ወደ መርዌ እንድትመልሰው ይለምናል።

ሳሳን የንጉሥ መልእክተኛ ነው፤ ንጉሥ ያለው መልእክተኛ ስንቅ አያጣም። ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ298 ዓ.ም. ዲዮቅልጥያኖስ የሮማን ጦር ከኑብያ አስወጥቶ ድንበሩን ፊሌ ላይ ተከለ። በአራተኛው ምዕት ዓመት የመርዌ መንግሥት ወደቀ፤ በዚያው ምዕት ዓመት የአክሱሙ ዔዛና ወደ ኖባና ወደ ካሱ መዝመቱን በድንጋይ ላይ አስቀርጾልናል። ስጦታ የሚልክ ንጉሥ በደቡብም ጠፋ። መንገዱ ግን አልተዘጋም። ኖባዎችና ብሌሚዎች (ብዙ ሊቃውንት ብሌሚዎችን ከቤጃ ሕዝብ ጋር ያዛምዷቸዋል) ወደ ፊሌ መምጣታቸውን ቀጠሉ።

እነዚህን ሰዎች የሮማ ጸሐፊዎች ዘራፊ አረመኔዎች እያሉ ነው የሚያነሧቸው። ዘረፋው ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ የአስዋን ጳጳስ የነበረው አፒዮን በአምስተኛው ምዕት ዓመት በእርሱ ሥር ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከእነርሱ እጅ ለመጠበቅ ወታደር ይሰጠኝ ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ጽፏል። ነገር ግን ከፊሌ በላይ፣ ጥንት ታልሚስ ትባል በነበረችው በቃላብሻ፣ በማንዱሊስ መቅደስ ግድግዳ ላይ በግሪክኛ የተጻፉ ሌላ ዓይነት ምስክሮች አሉ። ታማል፣ ኢሰምኔና ዴጉ የተባሉ የብሌሚ ነገሥታት ስም ይነሣባቸዋል፤ ከነገሥታቱም ጋር የሃይማኖት ማኅበራትና የማኅበር አለቆች ስም ይነሣል። የአለቃው ማዕረግ በግሪክኛ ሲፈታ ሰዎች ለግብዣ የሚቀመጡበት የአግዳሚ አለቃ ማለት ነው። ይኸውም በእኛ አነጋገር የማዕዱ አሳላፊ፣ የጽዋው ሙሴ እንደ ማለት ነው። ዘራፊ የተባለው ሕዝብ ማኅበር ነበረው፤ ተራ ያወጣ ነበር፤ እንግዳውን የሚያስቀምጥ ሰው ሾሞ ነበር። ከፋዩም መንደር እስከ ኑብያ በረሃ፣ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ርቀት፣ ያው ሥራ በሌላ ቋንቋ ይሠራል።

የሮማ መንግሥትም ይህን ኃይል በሰይፍ ብቻ ሊሰብረው አልቻለም። በ452 ወይም በ453 ማክሲሚኖስ የተባለው የጦር አዛዥ ብሌሚዎችንና ኖባዎችን ድል ካደረገ በኋላ የመቶ ዓመት ሰላም ተዋዋለ። ታሪኩን የጻፈልን ፕሪስኮስ ነው። ተሸናፊዎቹ ምርኮ መለሱ፣ ካሣ ከፈሉ፣ የመኳንንት ልጆችን መያዣ ሰጡ። በምላሹ የጠየቁት ወደ ኢሲስ መቅደስ እንደ ቀድሞው ያለ ከልካይ መሄድን ነው፤ ምስሏንም በተወሰነ ጊዜ ወደ አገራቸው ወስደው እንዲመልሱ ተፈቀደላቸው። ምስሏ የምትጓዝበት ጀልባ የግብፃውያን እንዲሆን በውሉ ተጻፈ። ውሉ የታሰረውም በዚያው በፊሌ መቅደስ ነው። ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት፣ መሥዋዕት በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ይህን ፈቀደ። ማክሲሚኖስ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ሰላሙም ፈረሰ።

በዚያው ጊዜ ግድም፣ በ452 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ቀኑ የታወቀ የዲሞቲክ ጽሑፍ በፊሌ ተቀረጸ። በእነዚህ ዓመታት ያሉት ጽሑፎች ሲነበቡ ስሞቹ እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ ልጁ በአባቱ፣ ወንድሙ በወንድሙ ስም ይጠራል። ቀድሞ በብዙ ማዕረግ የተከፋፈለው ክህነት በጥቂት ሰዎች፣ ምናልባትም በአንድ ቤተሰብ እጅ ቀርቶ ነበር። ከ456 ወይም ከ457 በኋላ እነርሱም ዝም ይላሉ። ፕሮኮፒዮስ እንደሚተርከው በ535 እና በ537 መካከል ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ናርሴስን ልኮ መቅደሱን አስዘጋ፤ ካህናቱ ታሰሩ፤ ምስሎቹ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰዱ። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ተመራማሪዎች ናርሴስ የዘጋው አስቀድሞ ባዶ የሆነ ቤት ነበር ይላሉ። ይህ አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ወታደር የሚዘጋው በር ነው፤ ወደ በሩ የሚያመጣው ሰው ሲያልቅ ግን በሩ ክፍት ሆኖም ተዘግቷል። ፕሮኮፒዮስ ራሱ አንድ ስሕተት አለበት፤ ፊሌ የሚለው ስም ዲዮቅልጥያኖስ ሮማውያንንና ደቡቦችን በአንድ መሠዊያ ስላስታረቀ ፍቅር ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው ይላል። ስሙ ከዲዮቅልጥያኖስ በብዙ ይቀድማል። ቢሆንም ስሕተቱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ስለ ደሴቲቱ የሚያወሩ ሰዎች ያስታወሱት የሁለት ሕዝብ ማዕድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝምታ ረጅም ነው። በኋላ ዘመን የተነሡት ተከታዮች ከፊሌ ካህናት ሳይቋረጥ የወረሱት ነገር አለ ማለት አይቻልም። የወረሱት ከመጽሐፍና ከድንጋይ ነው። በ1973 በኒው ዮርክ አውሳር አውሴት የተባለ የአፍሪካ አሜሪካውያን ማኅበር ተመሠረተ፤ በባርነት ለተነጠቀ ሕዝብ የራሱን የአፍሪካ መንፈሳዊ ቅርስ የመመለስ ዓላማ ነበረው። በ1988 ደግሞ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ኬሜቲክ ኦርቶዶክስ የተባለው እምነት ተጀመረ፤ በ1993 በሕግ ታወቀ። ኬሜት ግብፃውያን አገራቸውን የጠሩበት ስም ሲሆን «ጥቁር ምድር» ማለት ነው። የዚህ እምነት ተቋም «የነቸር ቤት» ይባላል፤ ነቸር አምላክ ማለት ነው። ቤት የሚለው ቃል ከተብቱኒስ ፓፒረስ ሁለት ሺህ ዓመት በኋላ እንደገና መጣ።

የእነዚህ ሰዎች ችግር የዴሎሱ አጵሎንዮስ ችግር ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። መቅደሳቸው ያለው ጆሊየት በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ሲሆን ምእመኖቻቸው በልዩ ልዩ አገሮች ተበትነዋል። አብዛኞቹ በሚኖሩበት ከተማ ሁለተኛ አማኝ አያውቁም። ሴኑት የሚባለውን ሥርዓት እያንዳንዱ በቤቱ፣ በውኃ ታጥቦ፣ መብራት አብርቶ፣ ዕጣን አጢሶ ብቻውን ይፈጽመዋል። ለብቻ የሚጸለይ ጸሎት አማኝ ያቆይ ይሆናል፤ ማኅበር ግን አያቆይም። ስለዚህ በየአካባቢው በፈቃዳቸው የተነሡ ሰዎች አሮጌውን ሥራ ያዙት፦ አዲስ የመጣውን መቀበል፣ በአንድ ክፍለ ግዛት ያሉትን ማስተዋወቅ፣ ተቀጣጥረው ማዕድ እንዲቆርሱ ማድረግ፣ ሐዘን የገጠመውን መጠየቅ። ደመወዝ የለውም። በተብቱኒስ እንደ ነበረው መያዣ የመውሰድ ሥልጣንም የለውም፤ የዛሬው ተጠሪ የሚያንኳኳው ደጅ ቢዘጋበት ከመመለስ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ፈቃድ ብቻውን ደንብን ይተካ እንደ ሆነ ገና የሚታይ ነገር ነው።

የፊሌ መቅደስም በበኩሉ ቦታውን ለቋል። የአስዋን ግድብ ውኃ ሊውጠው በደረሰ ጊዜ በዩኔስኮ አስተባባሪነት ከ1972 ጀምሮ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ ወደ አጊልኪያ ደሴት ተዛወረ፤ በ1980 ለጎብኚ ተከፈተ። ኔስሜተራክም የቀረጸው ማንዱሊስም ከነጽሑፉ እዚያ ይገኛል። በኢሊኖይ ያሉት ምእመናን ሲርየስ የተባለችው ኮከብ ጎሕ ሲቀድ የምትታይበትን ቀን ቆጥረው ዘመን መለወጫቸውን በኦገስት መጀመሪያ ያከብራሉ፤ መጓዝ የቻለ ወደ ጆሊየት ይመጣል። ከበዓሉ በፊት ያሉት አምስት ቀኖች የአማልክት ልደት የሚታሰብባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን የኦሲሪስ ነው። በዚያ ምሽት በአቅራቢያው ሌላ ማኅበርተኛ ያገኘ ማዕዱን ለሁለት ያሰናዳል፤ ያላገኘ መብራቱን ብቻውን ያበራል።